ውሃ ሲወቀጥ እንቦጩ ይናገራል

ባለፉት ሳምንታት በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ላከልኝ፤ ቀጥሎ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ። ሦስተኛው አራት ኪሎ ቡና በምጠጣበት ቤት በር ላይ ያገኙኝ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "ልጄ፣ አንተ የተማርከው ይህንን አይደለም እንዴ?" አሉኝ። አዎን፣ ይህንኑ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ጽሑፉ የሚጀምረው "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" በሚለው ተረት ነው። ጸሐፊው ተመራማሪዎች ውሃንና ሌሎች ፈሳሾችን በኒውትሮን (በአቶም አስኳል ውስጥ በሚገኝ፣ የኤሌክትሪክ ሙል በሌለው ቅንጣት) እየመቱ የሞለኪውሎቻቸውን እንቅስቃሴ ማጥናታቸውን ከዚህ ተረት ጋር አመሳስለው አምስት ነገር ይላሉ። ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ፈሳሽ ሥርዓት የለውም፤ ኒውትሮን ደግሞ ሥርዓት ላለው ጠጣር ነገር የተሠራ መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ኒውትሮን የሚነግረንን ሁሉ ራጅና ኤን ኤም አር (አስኳሎችን በማግኔት የሚያጠናው ዘዴ) በርካሽ ይነግሩናል። ሦስተኛ፣ ዛሬ ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ሞለኪውል ጉዞ ስለሚያሰላ መለኪያው ጊዜው አልፎበታል። አራተኛ፣ ኒውትሮን የቦምብ ዘመድ ነው፤ የነካውን ስለሚያፈርስ የሚለካው ፈሳሹን ሳይሆን ፍርስራሹን ነው። አምስተኛው ጽሑፉን ያሰራጨው ነው፤ እናቶች ቢጫ ጄሪካን ይዘው ውሃ በሚጠብቁበት ከተማ፣ የኒውክሌር ማብላያ በሌለው አገር፣ አራት ኪሎ ተቀምጦ የውሃ ሞለኪውል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማስተማር ቅንጦት ነው ይላሉ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊው ቁጭትም እውነተኛ እንደሆነ ከቃላቸው ይሰማል። እኔም የምመልሰው በሙሉ አክብሮት ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ነጥቦች አራቱ ስህተት ናቸው፤ አምስተኛው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ወደ ተሳሳተ መልስ ይሄዳል።

ከተረቱ ልነሳ። ውሃ በሙቀጫ ቢወቀጥ አይደቅም፤ እንቦጭ ብሎ ይረጭና ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ተረቱ ስለ ከንቱ ድካም የሚለው ልክ ነው። ነገር ግን ዘነዘናው ሲያርፍ ጠብታዎቹ ወዴት ተረጩ፣ በምን ፍጥነት ተረጩ ብሎ የሚለካ ሰው ቢኖር ስለ ሙቀጫው ውስጥ ብዙ ነገር ያውቃል። ውሃና ማር በአንድ ዘነዘና ቢወቀጡ እንቦጫቸው አንድ አይደለም። የኒውትሮን ብተና የምንለው ሥራ ይኸው ነው፤ ወቃጩ ኒውትሮን ነው፣ እኛ የምንለካው እንቦጩን ነው።

"ፈሳሽ ሥርዓት የለውም" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። በጨው ቅንጣት ውስጥ አቶሞች በሰልፍ ላይ እንደ ቆሙ ወታደሮች በመደዳ ተደርድረዋል፤ የአንዱን ቦታ ካወቅህ የሺህኛውንም ታውቃለህ። ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርድር የለም። ግን በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ የሞላውን ሕዝብ ከላይ ሆነን እንየው። ማንም በመደዳ አልቆመም፤ ሆኖም ማንም በሌላው ላይ አልቆመም። አንድ ሰው መርጠን በዙሪያው ያሉትን ብንቆጥር፣ የቅርብ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከእርሱ በሚቀራረብ ርቀት ላይ ናቸው፤ የጎረቤቶቹ ጎረቤቶችም ትንሽ ልቅ ባለ ሥርዓት ይከተላሉ። ሥርዓቱ የሚጠፋው ራቅ ስንል ነው። በውሃ ውስጥም አንድ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ በ2.8 አንግስትሮም ርቀት ላይ ይገኛል፤ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። የቅርብ ጎረቤቶቹም አራት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው።

አሁን በጃንሜዳው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ወደ ፊት ማለፍ ፈለገ እንበል። ብቻውን መሄድ አይችልም። የፊቱ ሰው ዘወር ማለት አለበት፤ ዘወር ያለውም ሌላውን ይገፋል። እስኪከፈትለት ድረስ ሰውየው ባለበት ሆኖ ይወዛወዛል፤ ሲከፈትለት ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል። የፈሳሽ ሕይወት ይህ ነው። በጠጣር ውስጥ ሥርዓቱ በቦታ ብቻ ሊነገር ይችላል፤ በፈሳሽ ውስጥ ግን ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም። ትክክለኛው ጥያቄ "ሞለኪውሉ የት ነው?" አይደለም፤ "አሁን እዚህ የነበረው ከአንድ ፒኮሰከንድ በኋላ የት ይሆናል? ቦታውንስ ማን ይዞት ይገኛል?" ነው። ፒኮሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው፤ በክፍል ሙቀት አንድ የውሃ ሞለኪውል በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማካይ 1.2 አንግስትሮም ገደማ ከነበረበት ይርቃል።

ይህንን ጥያቄ ከኒውትሮን ጋር ያገናኘው ቤልጂጋዊው ሊዮን ቫን ሆቭ ነው፤ ዘመኑ 1954 ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቫን ሆቭ ያሳየው ከፈሳሽ ላይ ተበትነው የሚወጡ ኒውትሮኖች አቅጣጫቸውና የጉልበታቸው ለውጥ አብረው ከተለኩ፣ ልክ ያንን ጥያቄ እንደሚመልሱ ነው። ጸሐፊው ኒውትሮን ለጠጣር ብቻ ተሠራ ሲሉ ይህንን ሥራ አላዩትም ማለት ነው። ለጠጣርም፣ ለፈሳሽም፣ ለጋዝም በእኩል የሚሠራ ቀመር ነው። በ1994 ከክሊፎርድ ሹል ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው ካናዳዊው በርትራም ብሮክሀውስም ገና በ1950ዎቹ ቻልክ ሪቨር በሚገኘው ማብላያ ካጠናቸው ነገሮች አንዱ ተራ ውሃ ነበር።

ለምን ኒውትሮን ተመረጠ? ፍጥነቱን ከክፍል ሙቀት ጋር ያስተካከለ ኒውትሮን በሰከንድ 2,200 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ከብርሃን ጋር ሲነጻጸር ግን አዝጋሚ ነው። ስለዚህም የተነሳበትንና የደረሰበትን ቅጽበት መዝግቦ ፍጥነቱን በትክክል ማወቅ ይቻላል። የሞገድ ርዝመቱ 1.8 አንግስትሮም ነው፤ በጎረቤት ሞለኪውሎች መካከል ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ጉልበቱ 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው (ኤሌክትሮን ቮልት በአቶሞች ዓለም ጉልበት የሚለካበት መለኪያ ነው፤ ሚሊ ማለት ሺህኛው)፤ ይህም በክፍል ሙቀት ሞለኪውሎች ራሳቸው የሚወዛወዙበት ጉልበት ነው። ርቀቱም ጉልበቱም በአንድ ጊዜ የገጠመለት፣ ፈሳሹ ውስጥም ዘልቆ የሚገባ ሌላ ጨረር የለም።

ጉልበቱ መግጠሙ ለምን ይጠቅማል? ልጆች መንገድ ዳር የሚጫወቱበት ኳስ ወደ እነርሱ በሚመጣ ሚኒባስ ፊት ላይ ቢያርፍ ፈጥኖ ይመለሳል፤ እየራቀ በሚሄድ ሚኒባስ ጀርባ ላይ ቢያርፍ ደክሞ ይመለሳል። ሚኒባሱን ያላየ፣ ኳሱን ብቻ ያየ ሰው ሚኒባሱ ወዴት እየሄደ እንደነበር ያውቃል። በፈሳሽ ውስጥ ሚኒባሶቹ እልፍ ናቸው፤ በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ስለዚህ እኩል ጉልበት ይዘው የገቡ ኒውትሮኖች ሲወጡ ጉልበታቸው ግራና ቀኝ ይሰፋል። ሞለኪውሎቹ ፈጥነው የሚሰራጩ ከሆነ ስፋቱ ይጨምራል፤ ፈሳሹ እንደ ማር የሚጎተት ከሆነ ስፋቱ ይጠባል። ስፋቱ ኒውትሮኑ ከተቀበለው የግፊት (የሞመንተም፣ ማለትም የክብደቱና የፍጥነቱ ብዜት) ለውጥ ካሬ ጋር ሲነጻጸር ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ የመስመሩ ተዳፋት ፈሳሹ የሚሰራጭበትን ፍጥነት ይነግራል። ይህንን መስመር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

"ሥርዓት የለም" ለሚለው ሁለት ማስረጃ ልጨምር። የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ፒየር ዢል ደ ዤን በ1959 ያመለከተው ነገር ነው። ከፈሳሹ የተበተኑት ኒውትሮኖች የሚያዩት የርቀት ልክ ከጎረቤት እስከ ጎረቤት ካለው ርቀት ጋር ሲገጥም፣ ያ የጉልበት ስፋት በድንገት ይጠባል። መጥበብ ማለት መዘግየት ነው፤ ሞለኪውሎቹ የተመቻቸ አቀማመጥ ሲያገኙ አቀማመጡ ቶሎ አይፈርስም። ሥርዓት የሌለው ነገር እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛው ፈሳሽ ሄሊየም ነው። ከ2.17 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ገደማ) በታች ያለ ፍትጊያ ይፈስሳል። የሶቪየቱ የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ ላንዳው በ1940ዎቹ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠሩ ሞገዶች ጉልበታቸው መጀመሪያ እንደሚወጣ፣ ከዚያ እንደሚወርድ፣ እንደገናም እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ተነበየ። ከ1957 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስዊድንና ሰሜን አሜሪካ የነበሩ ቡድኖች በኒውትሮን ለኩት፤ ያ ኮረብታና ሸለቆ ያለው መስመር ነጥብ በነጥብ ወጣ። ፈሳሽ ነው፤ ግን ከብዙ ጠጣሮች የጠራ መስመር ሰጠ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ራጅ ስንል ሆስፒታል የምናውቀው ጨረር ነው። የአቶም ርቀት እንዲያይ የሞገድ ርዝመቱን 1.8 አንግስትሮም ብናደርገው ጉልበቱ ወደ 7,000 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ ከኒውትሮኑ ሩብ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሞለኪውሉ የሚወስድበት ወይም የሚጨምርለት ጉልበት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አንድ ብር ጎድሎ እንደሆነ ለማወቅ ሩብ ሚሊዮን ብር መቁጠር ማለት ነው። መቁጠር ይቻላል፤ ሰዎች በብልሃት ቆጥረውታል፤ ነገር ግን አንድ ሺህኛ ብር የጎደለ ከሆነስ? በጣም አዝጋሚ እንቅስቃሴን ለማየት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጥራት ነው። ሃንጋሪያዊው ፌሬንች ሜዜይ በ1972 ያቀረበው ስፒን ኤኮ የሚባለው ዘዴ ኒውትሮኑ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ማግኔት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቅሞ ያንን ጥራት ሰጥቷል።

ሌላው ሃይድሮጂን ነው። ራጅ የሚያየው ኤሌክትሮንን ስለሆነ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለውን ሃይድሮጂን ከኦክስጅን ጥላ ሥር ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ኒውትሮን የሚያየው አስኳልን ነው፤ ከአስኳሎች ሁሉ ደግሞ የተራው ሃይድሮጂን ኒውትሮንን እጅግ አጥብቆ ከሚበትኑት አንዱ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ ሃይድሮጂንን በከባዱ ወንድሙ በዲውቴሪየም ብንተካው ፈሳሹ በኬሚስትሪው ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ለኒውትሮን ግን ፍጹም ሌላ ነገር ሆኖ ይታያል፤ የብተናው ምልክት እንኳ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ይገለበጣል። ከመቶ ስምንት እጅ ያህሉ ከባድ ውሃ (ሃይድሮጂኑ በዲውቴሪየም የተተካ ውሃ) የሆነ ቅልቅል ሁለቱን አጣፍቶ በአማካይ ለኒውትሮን የማይታይ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ድብልቅ ፈሳሽ ውስጥ የፈለግነውን ክፍል ማብራትና ማጥፋት እንችላለን። ራጅ ይህንን አያደርግም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። የኒውትሮን ምንጮች ደካማ ናቸው፤ ዘመናዊ የራጅ ማዕከላት እጅግ ይበልጧቸዋል፤ አንድ የኒውትሮን መለኪያ ሰዓታት ወይም ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ኤን ኤም አርም በእርግጥ ርካሽ ነው፤ ሞለኪውሎች በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ማይክሮሜትር እንደተሰራጩ በጥሩ ሁኔታ ይለካል። ነገር ግን ይህ አንድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደረሰ እንደማለት ነው። በእግሩ ሄደ? ተሳፈረ? የት አረፈ? እርምጃውን የሚያሳየን ኒውትሮን ነው። ሁለቱ አይተካኩም።

ሦስተኛው፣ የኮምፒውተሩ ነገር፣ ወጣቶችን በቀላሉ የሚያሳምን ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ልመልስ። ከልጅነታችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል። እዚህ ከተማ ምድጃ ላይ ቴርሞሜትር የከተተ ሰው የሚያገኘው ግን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታችን አየሩን አሳስቶታልና። ባቄላ ሲቀቀል የሚቆይበትን ጊዜ የሚያውቁ እናቶች ይህንን ቁጥሩን ሳይሉ ያውቁታል። የተነገረን ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ ከእኛ ቦታ ጋር አልተገናዘበም እንጂ። የኮምፒውተር ስሌትም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው እኛ የሰጠነውን የውሃ አምሳያ ነው፤ ውሃውን አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። በባዮሎጂ ስሌቶች ለአሥርተ ዓመታት በስፋት የሚሠራበት ቲፕ ሦስት ፒ የሚባል የውሃ አምሳያ አለ። በዚህ አምሳያ ውስጥ ውሃ ከእውነተኛው ውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይሰራጫል። በረዶው የሚቀልጠው ደግሞ በ146 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ከዜሮ በታች 127 ዲግሪ ማለት ነው። በ2005 የቀረበውና ከሁሉ የተሻሉ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የቲፕ አራት ፒ የተሻሻለ ዓይነት እንኳ በረዶውን በ252 ኬልቪን ያቀልጠዋል፤ እውነተኛው 273 ነው። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን በትክክል አስልቷል። ስህተቱን ያወቅነው ውሃውን ስለለካን ነው። መለኪያው ጊዜው ካለፈበት፣ የሚቀጥለውን አምሳያ ስህተት በምን እናውቃለን?

ኮምፒውተርንና ኒውትሮንን ማጣላትም ታሪኩን አለማወቅ ነው። አኒሱር ራህማን በ1964 በ864 አቶሞች የፈሳሽ አርጎንን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ሲያሰላ፣ ካወጣቸው ውጤቶች መካከል የቫን ሆቭ ፈንክሽን ይገኝ ነበር፤ ኒውትሮን የሚለካውን ማለት ነው። ያው ራህማን ከፍራንክ ስቲሊንጀር ጋር በ1974 የበለጠ አስደናቂ ነገር ተነበየ። በተራ ውሃ ድምፅ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል። የሞገዱ ርዝመት ወደ ሞለኪውሎች መጠን ሲያንስ ግን ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ከፍ ይላል አሉ። በ1985 በከባድ ውሃ ላይ የተደረገ የኒውትሮን መለኪያ በሰከንድ 3,300 ሜትር ገደማ አገኘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ፣ በዚያ ካለው የኒውትሮን ማዕከል አጠገብ የሚገኘው የራጅ ማዕከል ያንኑ አረጋገጠ። ስሌት ተነበየ፣ ኒውትሮን አገኘ፣ ራጅ መሰከረ። ጸሐፊው ተፎካካሪ አድርገው ያቀረቧቸው ሦስቱ አንድን ሸክም አብረው የተሸከሙ ናቸው።

የአራተኛው መልስ አጭር ነው። ኒውትሮን ፈሳሹን ያፈርሳል ለሚለው ቁጥሮቹን እንይ። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጂንን ከኦክስጅን ለማላቀቅ ወደ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ የምንጠቀምበት ኒውትሮን የያዘው 0.025 ነው፤ ሁለት መቶ እጥፍ ያንሳል። እንዲያውም ጸሐፊው በምትኩ የመረጡት ራጅ ነው ሞለኪውልን ለመስበር የሚበቃ ጉልበት ያለው። እውነት ነው፣ አንዳንድ አስኳሎች ኒውትሮንን ውጠው ለጊዜው ጨረር አመንጪ ይሆናሉ፤ ስለዚህም ናሙናው ከመውጣቱ በፊት ጨረሩ ይለካል። የቦምቡን ጉዳይ ግን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። የግረኖብሉ ማብላያ የሚሠራው እጅግ በበለጸገ፣ ለቦምብም ሊውል በሚችል ዩራኒየም ነው፤ ይህ ዓለምን ማሳሰቡ ተገቢ ነው። ለዚህም ነው ደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ ያለውን ሳፋሪ 1 ማብላያ ወደ ዝቅተኛ ብልጽግና ነዳጅ የለወጠችው። በእንግሊዝ አይሲስ የተባለው የኒውትሮን ማዕከልና በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ኤስ ኤን ኤስ የተባለው ማዕከል ደግሞ የሰንሰለት ማብላያ አይደሉም፤ ፕሮቶኖችን አፋጥነው ከባድ ብረት ላይ ይተኩሳሉ፤ አንደኛው ተንግስተን፣ ሌላው ሜርኩሪ ላይ። ማፋጠኛው ሲጠፋ ኒውትሮኑ ይቆማል።

አሁን ወደ ጄሪካኑ እንምጣ።

ይህንን ክፍል ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። እዚህ መሃል ከተማ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ፤ እኔም ሌሊት ተነስቼ በርሜል የሞላሁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ጸሐፊው ይህንን ችግር የኒውትሮን ጥናት አይፈታውም ቢሉ እስማማለሁ። ቧንቧ የሚዘረጋው በጀትና መሐንዲስ ነው። አገራችን ለኒውትሮን ብተና ብላ ማብላያ ትሥራ የሚል ሰው ቢመጣም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወማለሁ።

እርሳቸው የሚሉት ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ጥያቄው ራሱ ለእኛ አይገባም ነው የሚሉት። ያንን ቢጫ ጄሪካን እንመልከተው። የተሠራው ከፖሊኢትሊን ነው፤ ቀልጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተነፍቶ። የቀለጠ ፖሊኢትሊን እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ ተወሳሰበ የክር ልቃቂት የተጠላለፉበት ፈሳሽ ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች እንዴት ያልፋሉ? ደ ዤን በ1971 እንደ እባብ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እየተሳቡ ነው አለ። በ1998 ግረኖብል ላይ በሜዜይ ስፒን ኤኮ የቀለጠ ፖሊኢትሊን ተለክቶ የዚያ ቱቦ ማስረጃ ተገኘ። ፕላስቲክ ለምን በቀስታ እንደሚፈስስ፣ በምን ሙቀትና ግፊት እንደሚነፋ የሚያስረዳው ዕውቀት መሠረቱ ይህ ነው። የእናቲቱ ጄሪካን ራሱ አንድ ጊዜ የፈሳሽ እንቅስቃሴ ጥያቄ ነበር።

ሲሚንቶም አለ። ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ ስንት ሕንጻ እየቆመ እንደሆነ የሚያልፍ ሁሉ ያያል። ግንበኛው ኮንክሪቱን ሞልቶ ለቀናት ውሃ ያጠጣዋል። እኛ "ሲሚንቶው ደረቀ" እንላለን፤ ግን ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ውሃውን በኬሚካላዊ ውህደት እየያዘ ነው። ስንቱ ውሃ ታስሯል? ስንቱ አሁንም በነጻነት ይንቀሳቀሳል? ኮንክሪቱን ሳንሰብር፣ ሰዓት በሰዓት ይህንን ከሚነግሩን ዘዴዎች አንዱ ኒውትሮን ነው፤ ነጻው ውሃ የጉልበቱን ስፋት ያሰፋል፣ የታሰረው አያሰፋም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲጠና ቆይቷል። በየቀኑ ኮንክሪት የምታፈስስ ከተማ ይህ ጥያቄ አይመለከታትም ሊባል ነው?

"ማብላያ የለንም" ለሚለውም መልስ አለ። ቫን ሆቭ ቀመሩን ሲያወጣ የሚያስፈልገው ወረቀትና ብዕር ነበር። ዛሬ ደግሞ ትልልቆቹ ማዕከላት ውጤቱ ለሕዝብ የሚታተም ምርምርን በጥቅሉ የሚመዝኑት በሐሳቡ ጥራት ነው፤ ኦክ ሪጅን የመሰለው ማዕከል ከየትኛውም አገር ለመጣ እንዲህ ያለ ሐሳብ የመለኪያ ጊዜውን በነጻ ይሰጣል። የግረኖብሉ ማዕከልና አይሲስ የተለካው ውጤት ከሦስት ዓመት በኋላ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ደንብ አላቸው። ውጤቱን የሚተነትነው ማንቲድ የተባለው ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል። እንቅፋት የለም አልልም፤ ቪዛው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ የሚቆራረጠው ኢንተርኔት እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው፤ ጸሐፊው በእነዚህ ላይ ቢጽፉ ከመጀመሪያዎቹ አሰራጮች አንዱ እሆናለሁ። ነገር ግን እነዚህ ልናነሳቸው የሚገቡ እንቅፋቶች እንጂ ትምህርቱን ለመተው ምክንያት አይደሉም።

ያንን ቀጥ ያለ መስመር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ ጠይቄ ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለት ተማሪዎች በአንድ ላፕቶፕ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የውሃ መለኪያ ውጤት አውርደው ስፋቱን ከግፊቱ ለውጥ ካሬ ጋር በግራፍ አወጡት። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ቀጥ ብለው ወጡ። ቀጥሎ መስመሩ ጎበጠ። አንደኛዋ ተሳስተናል ብላ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራችው፤ እንደገና ጎበጠ። ስህተት አልነበረም። የውሃ ሞለኪውል ሳያቋርጥ አይንሸራተትም፤ እንደ ጃንሜዳው ሰው በጎረቤቶቹ መካከል ለአንድ ፒኮሰከንድ ያህል ይቆይና መንገድ ሲከፈትለት ወደ 1.3 አንግስትሮም ገደማ ይዘላል። ጉብጠቱ የዝላዩ አሻራ ነው። ልጅቷ "ውሃው ሲቀዘቅዝ ቆይታው ይረዝማል ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የሚቀጥለውን የሙቀት መጠን ለማውረድ ስትጀምር ሰዓቷን አየች፤ በሰፈሯ ውሃ የሚመጣበት ምሽት ነበርና ጄሪካኖቹን ልትሞላ መሄድ ነበረባት። ግራፉን አስቀመጠች፣ ላፕቶፑን ለጓደኛዋ ሰጠች፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች።